የዶክተር ሲቱ ጨረቃ

የዶክተር ሲቱ ሂንቹንግ አስከሬን በተገኘበት ቅጽበት ከወዳጆቹ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «መብራቱን አጥፊው!» የሚል ነበር።

የቤት ሠራተኛዋ ዋህዩኒ አሠሪዋ ያዘዛትን ሻይ ይዛ ወደ ገንዳው ክፍል ስትገባ በጨለማው ውስጥ የሰው እግር አደናቀፋት። ሻዩን በገዛ ደረቷ ላይ ደፋችው። ተደናብራ የጣሪያውን ነጭ መብራት ስታበራ አሠሪዋ ከገንዳው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አየችና ጮኸች። ነጩ ብርሃን ግን ከጩኸቷ ቀድሞ በኮሪደሩ በኩል ሳሎን ደርሶ ነበር። ኮራል ነጋዴው ቺም ፖክማን የጎረሰውን ሳይውጥ «መብራቱን አጥፊው!» አለ። የቆዳ ቅባት ፋብሪካ ባለቤቷ ወይዘሮ ኦየንግ ቢክኬ ብድግ ብላ «አጥፊው አንቺ! እንቁላሉን ጨረስሽው!» ስትል አምባረቀች። ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ዪፕ ቺውናም ብቻ ስኒውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «ምን ሆኖ ነው? ሰው ተጎዳ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰው መሞቱ የታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሟቹ የጥርስ ሐኪም ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ሲጎረጉር ኖሮ፣ ስልሳ ሲሞላው አፋቸውን ከፍተው የማይጮኹ ፍጥረታት ማርባት አማረው። ሆማንቲን ሰፈር፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ ትልቁን መኝታ ክፍል መረጠ፤ መስኮቱን በግንብ ደፈነ፤ ግድግዳ የሚያክል የመስታወት ገንዳ አስገባ። ሚስቱ መስኮቱ ወይም እኔ ብላ ነበር ይባላል። መስኮቱ እንደተደፈነ ቀረ።

ስለነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ማወቅ በቂ ነው። ኮራል የሚባለው፣ ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ፣ በነጭ ብርሃን ሲያዩት የሻይ አተላ ይመስላል። ሰማያዊ መብራት ሲበራበት ግን አረንጓዴው ይንቦገቦጋል፣ ብርቱካናማው ፍም ይሆናል። ስለዚህ በባሕር የኮራል ክምር ስም የሪፍ ማኅበር ብለው የተሰባሰቡት አራቱ ሰዎች ዕድሜያቸውን የፈጁት ስንት ሰማያዊ ከስንት ነጭ ይደባለቅ በሚል ሙግት ነው። በዚሁ ጉዳይ ተኳርፎ የወዳጁ ልጅ ሠርግ የቀረ አለ። ከሰማያዊው በኋላ ደግሞ ጨረቃ መጣች። ኮራል በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ጥቂት ቀን ቆይቶ እንቁላል ይጥላል። በመኝታ ቤት ውስጥ እንዲጥል ደግሞ ማታለል ያስፈልጋል፤ በየቀኑ የምትደምቅና የምትደበዝዝ ትንሽ ሰማያዊ መብራት ከገንዳው በላይ ይሰቀልለታል። በከተማው እንቁላል ያስጣለ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ዶክተር ሲቱ ሊያስጥል ነው። ጋዜጠኞች ደግሞ በውድቅት መምጣት አይወዱም። ስለዚህ ሰዓቱን ገለበጠው፦ በገንዳው ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ፈጣሪ ያቆመውን ቀንና ሌሊት ለቁርስ እንዲመች አድርጎ አዛወረው ማለት ነው። የግብዣ ካርዱ ላይ በወርቅ ቀለም «የሲቱ ጨረቃ» የሚል አሳተመ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። ስልኮች በር ላይ ባለ ቅርጫት ተሰበሰቡ። ቀይ ብርሃን ኮራልን አይረብሽም ተብሎ ለእያንዳንዱ አባል ቀይ የእጅ ባትሪ ታደለ። አራቱም ደረቱ ላይ ትልቅ ቀይ ኮራል የተጠለፈበት የማኅበሩን ነጭ ጋውን ለብሰዋል፤ ቀዶ ሕክምና የሚገቡ ይመስላሉ። ዶክተሩ ደወል እስኪደውል ድረስ ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ታዘዘ። ዶክተሩ ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞቶ ተገኘ።

*

ኢንስፔክተር ሎክ ሳውፒንግ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ አለቃዋ ክዋን ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። ክዋን ሊፍት ሳይደርስ ጉዳይ የሚዘጋ ሰው ነው።

«ማዳም ሎክ፣ የጠራሁሽ ለፊርማ ነው» አላት። «ሠራተኛዋ ናት። የልጇ ሠርግ ማክሰኞ ነው፤ ነገ ማለዳ ወደ አገሯ የምትበርበት ቲኬት አላት። ትናንት ማታ ሟቹ ፈቃድሽን ሰርዣለሁ አላት። ተናደደች፣ መታችው፣ አለቀ።»

«ያያት አለ ክዋን ሰር?»

«ወይዘሮ ኦየንግ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ በሩን ከፍታ ስታይ ባዶ ነጭ የለበሰ ሰው ገንዳው ጋ ቆሟል። እነሱ ሁሉ ደረታቸው ላይ ይህን የሚያህል ቀይ ነገር አለ። ባዶ ነጭ ሽርጥ የምታደርገው ሠራተኛዋ ብቻ ናት። ጋዜጠኞቹ ታች አዳራሹን ሞልተውታል። ሰባት ሰዓት ላይ ይዣት እወርዳለሁ።»

«ሰባት ሰዓት ድረስ እንግዲህ ሻይ ልጠጣ» አለች ሎክ።

ሻይ አልጠጣችም። ወደ ገንዳው ክፍል ገባች። ዶክተሩ ከኋላ ነበር የተመታው። የተመታበትም መስታወቱን ለመፈተግ የሚጠቀሙበት ጡብ የሚያህል ማግኔት ነው፤ በጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ ታጥቦ ተቀምጧል። ጓንቱ በየቦታው ነው፤ ሁሉም እስከ ክርኑ የሚደርስ አለው። ገንዳው ከላይ እስከ ታች በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። በሩ አጠገብ በሟቹ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ዛሬ ጨረቃ አምስት ላይ፤ ለፎቶ። ማንም እንዳይነካ!» ከወረቀቱ በታች ከዜሮ እስከ አሥር የተቆጠረ የመብራት መዘውር አለ።

መዘውሩ ዜሮ ላይ ነው።

ሎክ ጎንበስ ብላ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገችና አንድ ዓይኗን አስጠጋች። ውስጡ ጨለማ ነው። ጨርቁን መልሳ ዘጋችው።

«ጨርቁን ከመጣችሁ በኋላ የነካው አለ?» ስትል በር የሚጠብቀውን ፖሊስ ጠየቀችው።

«የለም ማዳም። ልንገልጠው ስንል ከእንግዶቹ ሁለቱ አለቀሱ።»

«ለሟቹስ አልቅሰዋል?»

ፖሊሱ አሰበ። «እስካሁን አላየሁም ማዳም።»

*

ዋህዩኒ ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሻይ የተደፋበት ሽርጥ ደረቷ ላይ ደርቋል።

«ገደልሽው?» አለች ሎክ።

«አይ ማዳም። አራት ዓመት ሙሉ ችዬው ኖሬ፣ ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ምን አስቸኮለኝ?»

«ፈቃድሽን ሰርዟል አሉ።»

«‹ዓሣዎቹን ማን ያበላል?› አለኝ። እኔም ‹እሺ ሰር› አልኩት። ሻንጣዬ ግን ተዘግቷል። እሺ ማለትና መሄድ ምን ያጣላቸዋል?»

ሎክ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ስትገቢ ለምን ተደናቀፍሽ? በዚያ ጨለማ አራት ዓመት ተመላልሰሻል።»

«ያቺ ሰማያዊ ጨረቃቸው ሁልጊዜ ትመራኝ ነበር። ደካማ ናት፣ ግን እግሬን ታሳየኛለች። ዛሬ ጠፍታለች። እጄን ባወጣ አላየውም ነበር።»

«ጨርቁስ?»

«መብራት ሳበራ ገንዳው ተሸፍኖ ነው ያገኘሁት። እኔ ያን ጨርቅ አልነካም። አንድ ጊዜ ባጥበው ሦስት ቀን አኮረፈኝ።» ሽርጧ ላይ የደረቀውን ሻይ በጥፍሯ ፋቀች። «ማዳም፣ ልጄ አንድ ናት። አባት የላትም። ከጎኗ የሚቆም ሰው ከሌለ የሙሽራው ወገኖች ምን ይላሉ?»

ሎክ ተነሣች። የማትፈጽመውን ቃል መግባት አትወድም ነበር፤ ሰዓቷ ደግሞ አምስት ከሩብ ይላል።

*

ቺም ፖክማን በወርቅ ዓሣ መንገድ ላይ ሱቅ አለው። ቡናማውን ኮራል በሰማያዊ መብራት አሳምሮ ይሸጥና፣ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ቡናማ ሆነብኝ ብሎ ሲመለስ ሰማያዊውን መብራት ይሸጥለታል። በዚህ ዓይነት አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መግፈፉን ንግድ ይለዋል።

«እኔ ደረጃ ላይ ሲጋራ ላጨስ ወጥቼ ነበር» አለ። «ብቻዬን። ሲጋራ ምስክር ይዞ አይጨስም ማዳም።»

«መብራቱን አጥፊው ያልከው አንተ ነህ?»

«ልማድ ነው። ቤቴ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ መብራት አጥፉ ነው የምለው።»

«ለመሆኑ ዛሬ ጨረቃዋ ስንት ላይ መሆን ነበረባት?»

«አምስት። ሰባት ብትሆንም ደስ ይለኛል። ጨረቃ በበዛ ቁጥር እንቁላል ይበዛል፤ ደንበኞቼን ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው።»

«ሱቅህ ውስጥ እንቁላል ጥለው ያውቃሉ?»

«እኔ የምሸጠው መብራት ነው ማዳም» አለ ቺም፣ ቅር ብሎት።

ወይዘሮ ኦየንግ ደግሞ ከመጠየቋ በፊት መመለስ ጀመረች። «ዓይኔ ጤነኛ ነው። ቀይ ባትሪዬን ደረቷ ላይ አበራሁ። ነጭ። ባዶ ነጭ።»

«ፊቷን አዩት?»

«የሠራተኛ ፊት ማን ያያል?»

«ምን ታደርግ ነበር?»

«ጨርቁን በገንዳው ላይ ስትስብ። ልታጸዳ ነው ብዬ በሩን ዘጋሁት።»

«ከባትሪዎ ሌላ ብርሃን ነበር? ሰማያዊው?»

«ምንም። ድቅድቅ ጨለማ።»

«ታዲያ ተመልሰው ሳሎን ሲቀመጡ ለምን ዝም አሉ?»

«ደወሉ ሳይደወል ገብቼ ነበራ!» አለች ወይዘሮዋ፣ ልጅ የሚጠየቅ ጥያቄ የተጠየቀች ያህል። «ዶክተሩ ቢሰማ ከማኅበሩ ያስወጣኛል።»

«አሁን እንኳን አያስወጣዎትም። ጨረቃዋ ዛሬ ስንት ላይ ብትሆን ይመርጡ ነበር?»

«ስምንት። እኔ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሰማያዊ ነው። ባለቤቴ ሌላ ክፍል ነው የሚተኛው።»

ሎክ ሰውየው ስለ እንቅልፉ ይሁን ስለ ሌላ ነገር ክፍል እንደቀየረ አልጠየቀችም።

መምህር ዪፕ ቺውናም ከሁሉም የተሻለ ጠባይ ነበረው። ስትገባ ተነሣላት፤ ወንበር ሳበላት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ እጁን ለመታጠብ ወጥቶ እንደነበር ሳይጠየቅ ነገራት።

«ወይዘሮ ኦየንግ ያዩትን ነግረውዎታል?» አለች ሎክ።

«ነግራናለች። የሚያሳዝን ነው። ግን እንግዲህ ግልጽ ነው፤ የእኛ ደረት ላይ ዓርማ አለ፣ የሷ ላይ የለም። ዓይን የሚሳሳትበት ነገር አይደለም።»

«ስንት ዓመት አስተማሩ መምህር?»

«ሠላሳ አንድ። ብርሃንና ድምፅ።»

«እኔ ስለ ገንዳ ምንም አላውቅም፤ ዛሬ ጨረቃዋ ስንት ላይ መሆን ነበረባት?»

«ዜሮ» አለ መምህሩ፤ መልሱ ከአፉ የወጣው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። ላላዋቂ ማስረዳት የሚባል በሽታ ነበረበት። «ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። በአምስተኛው ቀን ጨረቃ የምትወጣው ከመሸ ብዙ ቆይታ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨረቃ እስክትወጣ ድረስ ያለው ጨለማ፣ እንቁላሉን የሚያስጥለው እሱ ነው። ሁሉም ጨረቃዋ ናት ይላል። ጨረቃዋ አይደለችም! አለመኖሯ ነው።»

«ይህን የደረሰበት ዶክተር ሲቱ ነው?»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ፤ በጋውኑ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።

«ዶክተር ሲቱ የጥርስ ሐኪም ነበር» አለ።

«ካርዱ ግን የሲቱ ጨረቃ ይላል።»

«ካርድ የሚያሳትም ሰው ስም ይመርጣል ማዳም።»

*

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሎክ ሁሉንም ወደ ገንዳው ክፍል ጠራች። አስከሬኑ ተነሥቷል። ቺም፣ ወይዘሮ ኦየንግና መምህሩ በነጭ ጋውናቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዋህዩኒ በሩ አጠገብ ከፖሊሱ ጎን ናት። ክዋን ሰዓቱን እያየ ገባ።

«ቶሎ በይ ማዳም ሎክ፤ ታች እየተጉረመረሙ ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ ላሳይዎት ሰር። አቶ ቺም፣ ወደ መሃል ና። ደረትህ ላይ ምን አለ?»

«የማኅበራችን ዓርማ።»

«ቀለሙስ?»

«ቀይ ነዋ!»

ሎክ የጣሪያውን መብራት አጠፋችና ቀይ ባትሪ አብርታ የቺም ደረት ላይ አነጣጠረች። ክዋን አንገቱን አሰገገ። ዋህዩኒ በአገሯ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። የቺም ደረት ከአንገት እስከ እምብርት ባዶ ነበር። ያ የሚያክል ቀይ ኮራል ነጩ ውስጥ ሟሙቶ ጠፍቷል።

«ቀይ ብርሃን በነጭ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ነጩም ቀዩም እኩል ቀይ ይሆናሉ» አለች ሎክ። «ዓርማው የት ይታያል? ወይዘሮ ኦየንግ አልዋሹም። ባዶ ነጭ ደረት አይተዋል። ግን የሠራተኛ ሽርጥ ይሁን የእናንተ ጋውን በዚያ ባትሪ መለየት አይቻልም። ዕድሜያቸውን መብራት ሲመርጡ የኖሩ ሰዎች፣ መብራት በገዛ ዓይናቸው ላይ የሚሠራውን ለአንድ ደቂቃ አስበውት አያውቁም።»

መብራቱን መልሳ አበራች።

«እሺ» አለ ክዋን፣ ለጋዜጠኞቹ ያዘጋጀውን ወረቀት ኪሱ እየከተተ። «እሷ ላትሆን ትችላለች። ግን ልትሆንም ትችላለች።»

«እንቀጥላ። ወይዘሮዋ ሲከፍቱ ሰማያዊዋ መብራት ጠፍታ ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዋህዩኒ ስትገባም ጠፍታ ነበር። መዘውሩ አሁንም ዜሮ ላይ ነው። ሟቹ ደግሞ ‹አምስት ላይ፣ ማንም እንዳይነካ› ብሎ በእጁ ጽፏል። ስለዚህ ያጠፋት ገዳዩ ነው። ሰው ገድሎ ሲያበቃ ከመሸሽ ይልቅ ጨረቃዋን አስተካክሏል። ሌባ ይህን አያደርግም። የተናደደች ሠራተኛም አታደርገውም፤ ያን መዘውር ብትነካው ኖሮ ቁጭቷን ለመወጣት አሥር ላይ ታደርገው ነበር።»

«ሃያ ቢኖረው ሃያ ላይ» አለች ዋህዩኒ።

«ከዚያም ገንዳውን ሸፈነው። ለምን? አስከሬኑን የሚያገኝ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የጣሪያውን መብራት ማብራት እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። እንቁላሉ እንዳይበላሽ አሰበ። ለኮራሉ እንጂ ለሟቹ አላሰበም። እንግዲህ ከሦስታችሁ ጨረቃዋ ዛሬ መጥፋት አለባት የሚለው ማነው? አቶ ቺም አምስት አለኝ፣ ሰባትም አይጠላም። ወይዘሮዋ ስምንት አሉኝ። ሁለቱም ቢገድሉ ኖሮ ጨረቃዋን ያደምቁ ነበር።»

ወይዘሮ ኦየንግ ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ከዚያ የነቀነቀችው ለምን እንደሆነ ገባትና አቆመች።

«ዜሮ ያሉኝ መምህር ዪፕ ናቸው።»

መምህሩ ፈገግ አለ። «ትክክለኛ መልስ ማወቅ ወንጀል ሆነ?»

«አይደለም። ግን ሌላም አለ። ጠዋት መብራቱ ሲበራ ሁለቱ መብራቱን አጥፊው ብለው ጮኹ። እርስዎ ብቻ ‹ሰው ተጎዳ እንዴ?› ብለው ጠየቁ። ከዚህ ቤት ሰዎች መካከል እንደ ሰው የጠየቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። የጠረጠርኩዎትም ለዚሁ ነው። አሥራ አምስት ዓመት እንቁላል የጠበቀ ሰው ያን ነጭ ብርሃን አይቶ የማይጮኸው ገንዳው መሸፈኑን ካወቀ ብቻ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት» አለ መምህሩ።

«አሥራ አንድ ይሁን። የመጨረሻው፦ ቀይ በቀይ ብርሃን ሥር እንደሚጠፋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ብርሃን ያስተማሩ ሰው ግን ‹ዓይን የሚሳሳትበት ነገር አይደለም› አሉኝ። ይህቺን ሴት ለመስቀል የራስዎን ትምህርት ካዱ።»

መምህር ዪፕ ዋህዩኒን አላያትም፤ ያየው ጨርቁን ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለ እንደገና። «በየቀኑ የጨረቃዋን መውጫ ሰዓት እየጻፍኩ። መዘውሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በእጄ! ዛሬ ደግሞ ገብቼ ሳይ አምስት ላይ አድርጎታል። አጥፋው፣ ዛሬ ብርሃን ካለ አይጥሉም፣ ዓመቱን ሙሉ ከንቱ ታደርገዋለህ አልኩት። ‹ፎቶ አንሺው ካላየ ቢጥሉ ምን ይሠራልኛል?› አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። ‹ጨረቃዋ የኔ ናት፤ አንተ የምትሞላት ሠራተኛ ነህ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«እሱም ሠራተኛ ሲል ስድብ መስሎት፣ እርስዎም ሲሰሙ ስድብ መስሎዎት» አለች ሎክ።

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። መምህሩ እጁን ራሱ ዘረጋና ዝቅ ባለ ድምፅ «ጥለው ይሆን?» ብሎ ጠየቀ።

ሎክ ልትከለክለው ትችል ነበር። ግን እሷም ፖሊስ ናት፣ ማወቅ ሙያዋ ነው። መብራቱን አጥፍታ ጨርቁን ገፈፈችና ቀይ ባትሪዋን አበራች። ከየቅርንጫፉ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ክብ ነገሮች በሺህ እየተላቀቁ፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከእነሱ በታች አንድ ሰው ስለ እነሱ መሞቱ ምንም አልመሰላቸውም። ቺምና ወይዘሮ ኦየንግ እየተገፋፉ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ወይዘሮዋ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት አለቀሰች።

«ፎቶ!» አለ ቺም። «ስልኬን! ስልኬ ቅርጫቱ ውስጥ ነው!»

«በፎቶው ላይ ‹የዪፕ› ብላችሁ ጻፉ» አለ መምህሩ እየወሰዱት።

ማንም አልሰማውም። ቺም የራሱ ስም በምን ቀለም ቢታተም እንደሚያምር እያሰበ ነበር።

*

ሳሎን ውስጥ ክዋን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጥሩ ሥራ ነው ማዳም ሎክ። ሴትዮዋ ግን ምስክር ናት። ቃሏ እስኪመዘገብ ከከተማ አትወጣም። ጽሕፈት ቤቱ ሰኞ ይከፈታል፤ ተራ አለ፤ ሁለት ሳምንት በሉት።»

ዋህዩኒ ሰማችው። ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችና ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ እጇ ግን ከጨርቁ ላይ አልነሣ አለ። ወይዘሮ ኦየንግ ዓይኗን እያበሰች ብቅ አለችና ለክዋን «መቼም ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል» አለችው። ለዋህዩኒ ደግሞ «አንቺ፣ ውኃው ጎድሏል፤ ከመሄድሽ በፊት ሙይው» አለቻት።

«ሥራ አቁማለች» አለች ሎክ። «ወይዘሮ፣ ከወንበሩ ይነሡልኝ፤ ጽሕፈት ቤቱ እዚህ ተከፍቷል።»

ከቁርሱ ተርፎ የቀዘቀዘውን በሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ ወደ ጎን ገፋች፤ ከቦርሳዋ የቃል መቀበያ ቅጽና እስክሪብቶ አወጣች።

«ማዳም ሎክ፣ ይሄ ሥርዓት አይደለም!» አለ ክዋን።

«መርማሪ በቦታው ቃል መቀበል ይችላል ሰር። መመሪያው ላይ አለ። ታች ያሉት ጋዜጠኞች ደግሞ ነፍሰ ገዳዩን ማን እንደያዘው ሊጠይቁ ነው፤ እኔ እዚህ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ብቻዎን ቢወርዱ ይሻላል።»

ክዋን ይህን ሁለት ጊዜ አላሰበበትም። ክራባቱን አስተካክሎ ወረደ።

ዋህዩኒ በአሠሪዋ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በአራት ዓመት ውስጥ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሎክ ስሟን ጻፈች፣ ዕድሜዋን ጻፈች፣ ያየችውን በሙሉ በየደቂቃው ጻፈች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሦስቱንም ገጽ አስፈረመቻት።

«በረራሽ ስንት ሰዓት ነው?»

«ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ማዳም።»

«ደርሰሻል። የሙሽራው ሥራ ምንድነው?»

«ዓሣ ነጋዴ ነው።»

ሎክ እስክሪብቶዋን አቆመች። «የገንዳ?»

«ኧረ ማዳም» አለች ዋህዩኒ፣ «የሚጠበስ!»